ርካሹ መዋዕለ ሕፃናት

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ልጁ አራት ዓመት የሞላው ወላጅ ከጎረቤትም ከሥራ ባልደረባም የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «አቅሙ ካለህ ኬጂ አስገባው፤ ከሌለህ ለአንደኛ ክፍል እስኪደርስ ቤት ይቆይ።» ከምክሩ ጀርባ ያለው እምነት ግልጽ ነው። ጥሩ የሕፃናት ትምህርት ውድ ነው፤ ውድ ያልሆነው ደግሞ ልጅ ማቆያ እንጂ ትምህርት አይደለም ይላል። እምነቱ ውጫሌም አለ። ከአምባሰል የገጠር ቀበሌዎች ለገበያ የሚመጡ ገበሬዎችም ሰምተውት ወደ ቀያቸው ይመለሳሉ። ደሴና አዲስ አበባ ላይማ ክርክር እንኳ አይነሣበትም።

እኔ አልስማማም። የማልስማማው ለድሃ ልጅ ስለማዝን ብቻ አይደለም፤ አዝናለሁ፣ ግን ጉዳዩ የሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ መጣጥፍ ባላስፈለገው ነበር። የማልስማማው እምነቱ ራሱ ስህተት ስለሆነ ነው። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ለመማር ከሚያስፈልጉት ነገሮች አብዛኞቹ ርካሽ ናቸው፤ ብዙዎቹም በደጃችን አሉ። እውነተኛ ገንዘብ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የልጅን ጠባይ የምታውቅ፣ የሠለጠነችና በቂ ደሞዝ የሚከፈላት መምህርት። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን ይዘነዋል። ለሌላው ሁሉ እንከፍላለን፣ ለእሷ ሲሆን እንሰስታለን። በግልም ሆነ በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከመምህራን ሁሉ ትንሽ ሥልጠናና ትንሽ ደሞዝ የሚደርሳት ሕፃናቱን የያዘችው ናት።

ወላጅ የሚከፍልበትን ነገር እንይ። ዩኒፎርም አለ፣ የምዝገባ አለ፣ የታተመ መጽሐፍ አለ። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ጋዋንና ቆብ ለብሰው የሚመረቁ የስድስት ዓመት ልጆች አሉ፤ ለጋዋኑም ለፎቶውም ለድግሱም ይከፈላል። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ደብተሩ ነው። ወላጅ ማታ የልጁን ቦርሳ ከፍቶ ዛሬ ስንት ገጽ ተጻፈ ብሎ ይቆጥራል። ገጹ ከሞላ ትምህርት ቤቱ ጎበዝ ነው፤ ባዶ ከሆነ «ሲያጫውቷቸው ነው የሚውሉት» ይባላል። ትምህርት ቤቱም ይህን ስለሚያውቅ ጣቱ እርሳስ ለመያዝ ያልጠና ልጅ አንዲት ፊደል ሃምሳ ጊዜ እንዲገለብጥ ያደርጋል። ልጁ የሚማረው ፊደሉን አይደለም። መጻፍ የሚያደክም፣ ትምህርት ቤትም ዝም ብለው የሚቀመጡበት ቦታ መሆኑን ነው የሚማረው።

የዚያ ልጅ ጣት የሚጠናው በጭቃ ነው። ጭቃ አድቦልቡሎ በሬ ሲሠራ፣ ቆርኪ ሲደረድር፣ ጠጠር ወርውሮ ሲቀልብ እጁና ዓይኑ አብረው መሥራት ይለምዳሉ። ቅልልቦሽ የሚጫወት ልጅ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ጠጠር ሲያነሣ የቁጥርን ትርጉም በእጁ ይይዘዋል። ገበጣ የምትጫወት ልጅ ፍሬዎቹን ከጉድጓድ ጉድጓድ ስትዘራ ከመደመርና ከመቀነስ አልፋ አስቀድሞ ማሰብን ትለማመዳለች። ሰኞ ማክሰኞ ተራ መጠበቅን ያስተምራል። ተረት የሚሰማ ልጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድን ነገር መከተልና ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት ይለምዳል፤ በኋላ መጽሐፍ ሲያነብ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ተረት ሲነግሩ ከአንድ ሽማግሌና ከአንድ ወንበር በላይ ያስፈለገ ነገር አልነበረም። እነዚህን ጨዋታዎች መምህርቷ አውቃና አቅዳ፣ ቀን በቀን እየተከታተለች ስትመራቸው መዋዕለ ሕፃናት ይሆናሉ። ልዩነቱን የምታመጣው እሷ ናት። ጭቃው ነፃ ነው።

እንግሊዝኛውስ? ኬጂን ከሁሉ በላይ የሚያስመርጠው እሱ ነው። «ልጄ ከአሁኑ አፉን ይፍታበት» ይላል ወላጁ። የወላጁን ፍላጎት አልንቅም። ከሐይቅ ወጥቶ ሥራ የያዘ ሁሉ እንግሊዝኛ የት እንዳደረሰው፣ የቀረውም ለምን እንደቀረ ያውቃል። ነገር ግን በኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች የተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ያ ምንባብ በእንግሊዝኛ አልነበረም፤ ልጆቹ በሚማሩባቸው በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች ነበር። በገዛ ቋንቋው ድምፅንና ፊደልን ማገናኘት ያልቻለ ልጅ «ኤ ፎር አፕል» ብሎ በዜማ ቢያወጣ ማንበብ አልጀመረም። ሐይቅ ዙሪያ ያደገ ልጅ ስለ ማንጎ፣ ስለ ታንኳ፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ ሐይቁ ወፎች በአማርኛ የሚለው ብዙ ነገር አለው። ያን እንዲናገር ማንም ሳይጠይቀው አይቶት ስለማያውቀው ፍሬ በማያውቀው ቋንቋ ሲዘምር ይውላል። እናትና አባት የሚከፍሉት በአብዛኛው ለዚህ ነው።

እዚህ የደረስነው በአጋጣሚ አይደለም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለሕፃናት ትምህርት ዕውቅና ቢሰጥም፣ በተግባር ሥራው ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተተወ። የግል ባለሀብት የሚከፍል ሰው ወዳለበት ይሄዳል፤ ይህ ነውር አይደለም፣ ንግዱ ነው። ውጤቱ ግን ያው ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ ልጆችን ሲከታተል የቆየውና በፕሮፌሰር ጣሰው ወልደሃና የተመራው የያንግ ላይቭስ ጥናት በከተማ ከነበሩት ልጆች ከግማሽ በላይ መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ፣ ከገጠሮቹ ግን ከመቶ አምስት እንኳ እንዳልሞሉ አሳይቷል። ይህን ልዩነት ይዘው ነው አንደኛ ክፍል የሚገናኙት። መምህሩ የሐይቁን ነጋዴ ልጅና ከአምባሰል ተራራ ሥር የመጣችውን ልጅ አጎራብቶ ሲያስቀምጥ፣ አንዱ ሦስት ዓመት ክፍል ውስጥ የቆየ ነው፤ ሌላዋ እርሳስ ስትይዝ የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ከሳምንታት በኋላ አንዱ «ጎበዝ»፣ ሌላዋ «ደካማ» ይባላሉ፤ እሷም ቃሉን ታምነዋለች። በአገራችን ብዙ ልጆች ትምህርት የሚያቋርጡት ገና አንደኛ ክፍል ላይ መሆናቸው ለኔ እንቆቅልሽ አይደለም።

በ2002 ዓ.ም. ሦስት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በጋራ የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ካወጡ በኋላ መንግሥት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከአንደኛ ክፍል በፊት አንድ ዓመት በነፃ የሚሰጠውን ዜሮ ክፍል አስፋፋ። ቁጥሩ በፍጥነት አሻቀበ። ቀድሞ በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ ልጆች ሰባት የማይሞሉት ነበሩ የሚማሩት፤ በ2006 ዓ.ም. ከሦስት አንዱ ያህል ደረሰ። ትልቅ እርምጃ ነው፤ ንግድ በብዙ ዓመታት ያልደረሰበት ገጠር ተደረሰ። ሆኖም ክፍሉን ሄዶ ያየ ወላጅ የሚያነሣው ቅሬታ እውነት አለው። ልጆቹ ለትልልቅ ተማሪ በተሠራ ዴስክ ላይ እግራቸው ተንጠልጥሎ ይቀመጣሉ። ብዛታቸው አንዲት መምህርት የምትችለው አይደለም። እሷም ብዙ ጊዜ አጭር ሥልጠና የወሰደች ወይም ከሌላ ክፍል ተዘዋውራ የመጣች ናት፤ ስለዚህ የምታውቀውን፣ የአንደኛ ክፍልን አሠራር፣ አንድ ዓመት ቀደም አድርጋ ትጀምረዋለች። መጫወቻ የለም። ራሱን የቻለ በጀትም ሳይያዝለት ነው የተከፈተው።

ወላጁ ይህን አይቶ «ነፃ ስለሆነ ነው» ብሎ ይደመድማል። የኔ ጠብ ከዚህ ድምዳሜ ጋር ነው። ክፍሉ የደከመው ነፃ ስለሆነ አይደለም፤ የሠለጠነች መምህርት ስላልተቀጠረለት ነው። የ1ኛ ደረጃ ትምህርትም ነፃ ነው፣ ክትባትም ነፃ ነው፤ ነፃ ስለሆነ ክትባት አይሠራም የሚል ሰው የለም። ሁለቱን ነገሮች ካልለየን፣ ከዜሮ ክፍል የሸሸው ወላጅ ያው ያልሠለጠነች መምህርት፣ ያው የደብተር ግልበጣ ወዳለበት ኬጂ ገብቶ በገንዘቡ ተመሳሳዩን ይገዛል። የልጆቹ ቁጥር ማነሱ ልዩነት ነው፤ እሱን አልክድም። ከዚያ በቀር ግን አጥሩ ተቀብቷል፣ ስሙ እንግሊዝኛ ነው፣ ትምህርቱ ያው ነው።

«ርካሽ ሆኖ ጥሩ የሆነ የት ታየ?» ለሚለኝ ሩቅ አልሄድም። የዚህ አካባቢ ሰው ልጁን ለዘመናት ያስተማረው በምን ነበር? ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን የአገሪቱ ዋና የትምህርት ስፍራ ሆኖ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ሰዎች ተምረውበታል፤ አባ ኢየሱስ ሞአ ያስጻፉት ወንጌልም በገዳሙ ይገኛል። እሱ የመነኮሳት ትምህርት ቤት ነው፤ የሕፃናት አልነበረም። ግን ከእንዲህ ያሉ ገዳማት የወጣው ሥርዓት እስከ አጥቢያ ወርዶ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ሀ ሁ እና አቡጊዳ የሚያስቆጥር የኔታ ሰጠን። በሌላው ወገን ወሎ በእነ ዳና እና በጀማ ንጉሥ ሊቃውንት የታወቀ የእስልምና ትምህርት አገር ነው፤ በየመንደሩም ልጆች በእንጨት ሉህ ላይ አሊፍ፣ ባ ብለው የሚጀምሩበት ቁርአን ቤት አለ። ሐይቅ ባለችበት ተሁለደሬም አምባሰልም ውስጥ ሁለቱን ድምፆች በአንድ ጧት መስማት ይቻላል። ልጆቹ የአምስትና የስድስት ዓመት ናቸው። ክፍያው ትንሽ ገንዘብ ወይም እህል ነው። ሕንፃ የለም፣ ዩኒፎርም የለም። በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመስፋፋቱ በፊት ማንበብ የቻለ ሰው ከሞላ ጎደል የዚህ ውጤት ነው።

የቄስ ትምህርት ቤትንና ቁርአን ቤትን አላሞጋግስም። ዱላ ነበረባቸው፣ ዛሬም ያልተዋቸው አሉ። ትርጉሙ ሳይገባ መሸምደድ ነበረባቸው። ሴት ልጅን ሁልጊዜ አልተቀበሉም። የሚያስተምሩትም ሃይማኖት እንጂ ሁሉን የሚያቅፍ የሕፃናት ትምህርት አይደለም፤ መንግሥታዊ መዋዕለ ሕፃናት ከሃይማኖት ገለልተኛ መሆን እንዳለበት አምናለሁ። ከእነሱ የምወስደው ሌላ ነገር ነው። ለቤት ቅርብ ናቸው። መምህሩን መንደሩ ያውቀዋል፣ ያከብረዋል። ትልቁ ልጅ ትንሹን ያስቀጽላል። ልጁ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ፊደል የለየው ወደ አቡጊዳ ያልፋል፣ ያልለየው ይቆያል፣ ማንም «ወደቅህ» አይለውም። እነዚህ አራት ነገሮች ዛሬ የሕፃናት ትምህርት ባለሙያዎች በየሥልጠናው የሚመክሯቸው ናቸው። እኛ ግን ነበሩን፤ ንቀን ጋዋን ገዛን።

ኬንያ ውስጥ ያልናቁት ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሞምባሳ ሙስሊም ማኅበረሰብ መሪዎች ልጆቻቸው ቁርአን ቤት ብቻ ገብተው በመደበኛው ትምህርት ወደ ኋላ መቅረታቸው አሳስቧቸው ወደ አጋ ኻን ፋውንዴሽን ሄዱ። የመድረሳ መዋዕለ ሕፃናት ፕሮግራም እንዲህ ተጀመረ። መንደሩ ቦታ ሰጠ፤ ከመንደሩ ሴቶች ተመርጠው በደንብ ሠለጠኑ፤ መጫወቻው ከኮኮናት ቅርፊት፣ ከጨርቅ ቁራጭ፣ ከዛጎልና ከእንጨት ተሠራ። ከሠለጠኑ በኋላም ብቻቸውን አልተተዉም፤ አሠልጣኞች ክፍላቸው ድረስ እየመጡ አገዟቸው። ፕሮግራሙ ወደ ዛንዚባርና ወደ ኡጋንዳ ተስፋፋ። በኋላ የተደረገ ጥናት የእነዚህን ልጆች እድገት በሌሎች መዋዕለ ሕፃናት ከሚማሩት ጋር ሲያነጻጽር የመድረሳዎቹ በልጠው ተገኙ። ጃማይካ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች የጤና ሠራተኞች በየሳምንቱ ወደ ቤት እየሄዱ እድገታቸው የቀጨጨ ሕፃናትን እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ አሳዩአቸው፤ መጫወቻዎቹ በቤት ከሚጣሉ ዕቃዎች የተሠሩ ነበሩ። ሥራው ሁለት ዓመት ብቻ ቆየ። ከሃያ ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች አድገው ሲጠኑ፣ ያን ዕድል ካላገኙት እኩዮቻቸው ገቢያቸው በሩብ ያህል በልጦ ተገኘ። ጋዋን የለበሰ ልጅ ግን አልነበረም።

ሞምባሳዎች የነበራቸው ነገር እኛም ዘንድ አለ፤ ቅሬ አለን። የወሎ ቅሬ ሰው ሲሞት ድንኳን መትከል ብቻ አይደለም ሥራው። አባላቱን በስም ያውቃል፣ መዋጮ ይሰበስባል፣ ቃል የማይጠብቀውን ይቀጣል፣ በብዙ ቦታም ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ መዝገብ ይዟል። ሃይማኖታዊ ያልሆነ መዋዕለ ሕፃናት በየመንደሩ ለማቋቋም ከዚህ የተሻለ ተቋም አላውቅም። የቅሬው ድንኳን፣ ወንበርና ምንጣፍ ለቅሶ በሌለበት ቀን የተቀመጠ ንብረት ነው። ከሠላሳ ያልበለጡ ልጆች፣ ከቤታቸው በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ፣ ጧት ጧት ለሦስት ሰዓት ያህል ሊቆዩበት ይችላሉ። በወር ሁለት ጊዜ ተራ የሚደርሳቸው እናቶች ቆሎ ወይም ንፍሮ ይዘው ቢመጡ ባዶ ሆዱን የሚውል ልጅ አይኖርም። ባልቴቶቹ ተረት አላቸው። እንቆቅልሽ ሲባል ምን አውቅልሽ የማይል የወሎ ልጅ ገና አልተወለደም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የሕፃናት ዝግጅትም በአማርኛ አለ፤ አንድ የተሞላ ስልክ ያለበት መንደር ሊያየው ይችላል።

እስካሁን ስለ ከተማው ነው ብዙ ያወራሁት። አምባሰል ላይ ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው፤ እዚያ ክርክሩ ኬጂ ይሻላል ወይስ ዜሮ ክፍል የሚል አይደለም። «ሕፃን ቤቱ ይደግ፣ እናቱ አለችለት» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ልጃቸውን ለማያውቁት ሰው መስጠት ስለሚከብዳቸው ነው። ግን እናቱ የት አለች? ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች፣ እንጨት ልትለቅም ሄዳለች፣ አረም ላይ ናት፣ ውጫሌ ገበያ ናት። ሕፃኑን የያዘችው የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት እኅቱ ናት። እሷ ለዚህ ስትል ከትምህርት ቤት የምትቀርበትን ቀን ማንም ወጪ ብሎ አይቆጥረውም። ቀሪው በዝቶ ፈተና ላይ ስትወድቅ ግን «ትምህርት አልሆናትም» ይባልና ለትዳር ትታጫለች። ቤት የሚያድግ ሕፃን ነፃ አይደለም፤ ሒሳቡን የምትከፍለው እኅቱ ናት።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። ሞዛምቢክ ውስጥ በጋዛ ክፍለ ሀገር ሴቭ ዘ ችልድረን በገጠር መንደሮች ያቋቋማቸውን መዋዕለ ሕፃናት ያጠኑ ተመራማሪዎች ለአንድ ልጅ የወጣው በወር ከ3 ዶላር ያነሰ እንደነበረ አስልተዋል። የገቡት ልጆች በኋላ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የመጀመር ዕድላቸው በጉልህ ከፍ አለ። ከዚያ አልፎ፣ ታላላቅ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸውም ትምህርት ቤት የመግባት ዕድላቸው ጨመረ፤ አሳዳጊዎቻቸውም ከቤት ውጭ መሥራት ጀመሩ። በዚያ ገንዘብ ሦስት ወገን ሲጠቀም ታየ። ስለዚህ የአምባሰል ገበሬ «አቅም የለኝም» ሲል፣ አቅም የሚያሳጣው ልጁን ማስተማሩ ሳይሆን አለማስተማሩ መሆኑን ልንነግረው ይገባል።

ሌላ ተቃውሞ አለ፤ ከሁሉ ይልቅ የምጠነቀቅለት እሱ ነው። «አገር በጦርነት ላይ እያለ ስለ ሕፃናት ጨዋታ ታወራለህ?» ይባላል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅም ውጫሌም ደረሰ። ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ ተሰባበሩ፤ ዴስኩ ለማገዶ የዋለበት አለ። እዚሁ ተሁለደሬ ያለው ጃሪ ከወለጋና ከሌሎች ቦታዎች ለተፈናቀሉ ወገኖች መጠለያ ሆኖ ቆየ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው አንደኛ ክፍል ሳይከፈት ስለ ዜሮ ክፍል ማውራት ቅንጦት ቢመስለው አልፈርድበትም።

ነገር ግን ጦርነቱ ያመጣው ጉዳይ የሚደግፈው የኔን ክርክር ነው። ተኩስ ሰምቶ ያደገ ልጅ ቀድሞ የሚያስፈልገው ደብተር አይደለም፤ ከእኩዮቹ ጋር በሰላም የሚጫወትበት፣ አንዲት የታወቀች ሴት በየጧቱ ስሙን ጠርታ የምትቀበለው ቦታ ነው። ረጅም መንገድ አደጋ በሆነበት ጊዜ ከቤት አጠገብ ያለ ቡድን ሩቅ ካለ ሕንፃ ይሻላል። ሕንፃ ያልጠየቀ ነገር ሲፈርስም የሚጠፋው ጥቂት ነው። የትምህርት ዓመት ላመለጣቸውም ቢሆን በአገራችን የተሞከረ አጭር መንገድ አለ፤ ዩኒሴፍና የትምህርት ቢሮዎች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የጀመሩት የተፋጠነ የትምህርት ዝግጁነት ፕሮግራም ልጆችን አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በክረምቱ ሁለት ወር ያህል፣ 150 ሰዓት ብቻ፣ በጨዋታና በታሪክ ያዘጋጃል። ሁለት ወር ሁለት ዓመትን አይተካም። ምንም ካለማግኘት ጋር ሲነጻጸር ግን ለጃሪ ልጅ ብዙ ነው።

አሁን ለመንግሥት ኃላፊዎች የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም እስካሁን የጻፍኩትን አንብቦ ደስ የሚለው የበጀት ሹም ሊኖር ይችላል። «ጥሩ፤ ቅሬው ይሥራው፣ እናቶች ያብስሉ፣ በጎ ፈቃደኛ ሴት ታስተምር፣ እኛ እንመርቃለን» ሊል ይችላል። ይህን ፈጽሞ አላልኩም። ሕንድ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየመንደሩ አንጋንዋዲ የሚባሉ የሕፃናት ማዕከላት አሏት፤ ሥርዓቱን በትከሻቸው የተሸከሙት ሴቶች ግን ደሞዝ ሳይሆን አበል እየተሰጣቸው ለመብታቸው በየአደባባዩ ሲጮኹ ኖረዋል። ያን መድገም የለብንም። የገጠር ሴትን ጉልበት በነፃ ወስዶ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ማለት፣ ቁጠባ ሳይሆን ዕዳውን ወደ ድሃው ማዞር ነው። ቅሬው ቦታና ጥበቃ ይስጥ፣ እናቶች ንፍሮ ያምጡ። የመምህርቷ ደሞዝ፣ ሥልጠናዋና በየወሩ ክፍሏ ድረስ መጥቶ የሚያግዛት ባለሙያ ግን የመንግሥት ነው። ደሴና ወልድያ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላቸው፤ ከሐይቅ ደሴ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይደለም። ከየቀበሌው አንዲት ወጣት ተመርጣ ብትሠለጥን ተመልሳ የምታስተምረው የጎረቤቷን ልጆች ነው፤ የዝውውር ማመልከቻ ይዛ የምትቸገር አይደለችም።

መንግሥት ሲፈልግ እንደሚችልም አይተናል። አዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቅድመ አንደኛን ጨምሮ ምገባ ጀምራለች፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ትሰጣለች፤ ለቀዳማይ ልጅነት የተለየ ፕሮግራም አላት። ጋና እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለት ዓመት መዋዕለ ሕፃናትን የነፃውና የግዴታው መሠረታዊ ትምህርት አካል አደረገች። የኛም የ2015 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ ደረጃ በፊት ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ትምህርትን የሥርዓቱ አካል አድርጎ በወረቀት አስቀምጧል። የአዲስ አበባ ልጅ የሚያገኘውን የአምባሰል ልጅ እንዳያገኝ የሚያደርግ ሕግ የለም። የጎደለው ፖሊሲ አይደለም፤ በወረዳ በጀት ውስጥ አንድ መስመር ነው።

ስለዚህ ለሁለት ወገን ጥያቄ አቀርባለሁ። ሐይቅና ውጫሌ ያላችሁ ወላጆች፣ ለሚቀጥለው ዓመት ኬጂ ምዝገባ ከመሄዳችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን ስለ እንግሊዝኛው አትጠይቁ። ሕፃናቱን የምታስተምረው ምን ያህል ሠልጥናለች? ስንት ትከፈላለች? በአንድ ክፍል ስንት ልጆች ይዛለች? በቀን ስንት ሰዓት ይጫወታሉ? ይህን ጠይቁ። መልሱ ካላጠገባችሁ ገንዘባችሁን ያዙና በአቅራቢያችሁ ወዳለው ዜሮ ክፍል ሄዳችሁ ያንኑ ጥያቄ ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ፤ ድምፅ ያላቸው ወላጆች ጥለውት የሸሹት ትምህርት ቤት አይሻሻልም። የተሁለደሬና የአምባሰል ወረዳ ምክር ቤቶች ደግሞ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከመጀመሩ በፊት የቅድመ አንደኛ መምህርት ደሞዝ የሚል ራሱን የቻለ መስመር ያስገቡ፤ ለሁሉም ቀበሌ በአንድ ዓመት ባይበቃ ከመንገድ ከራቁት ይጀምሩ። ያ መስመር እስካልገባ ድረስ የሁለት ዓመቱ ቅድመ አንደኛ ትምህርት አምባሰል አልደረሰም።